ኪቦርዱ በየመሐሉ ሲጠፋ፤ አዲስ ከመግዛት በፊት ምን ይደረግ?

በዛሬው ጊዜ ኮምፒዩተር ከመሥሪያ ቤት አልፎ ወደ መኖሪያ ቤት ገብቷል። በጽሕፈት ሥራ ልጆቿን የምታሳድግ እናትም ሆነች የቢሮዋን ሒሳብ ማታ እቤቷ የምታጠናቅቅ ሠራተኛ እንጀራዋ ከዚህ መሣሪያ ጋር የተያያዘ ነው። ታዲያ ሥራው ሲጣደፍ ኪቦርዱ ድንገት ዝም ይላል፤ የማውዙ ቀስት ይቆማል፤ ኮምፒዩተሩም ዕቃ ሲነቀልና ሲሰካ የሚያሰማውን ድምፅ ይደጋግማል። ብዙዎች «ተበላሸ» ብለው አዲስ ለመግዛት ይሮጣሉ። ሆኖም ዕቃው ደኅና ሆኖ ሳለ ለአስቤዛ ሊውል ይችል የነበረ ገንዘብ በከንቱ እንዳይወጣ አስቀድሞ መመርመር ይገባል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 የወጣው ዩኤስቢ የተባለው መሰኪያ በአንድ ገመድ ሁለት ተግባር ያከናውናል፤ መልእክት ያመላልሳል፤ ለተሰካው ዕቃም 5 ቮልት ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ከሁለቱ አንዱ ለአፍታ ቢቋረጥ ኮምፒዩተሩ ዕቃው የተነቀለ ይመስለዋል፤ ሲመለስም እንደ አዲስ ይቀበለዋል።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ማሳሰቢያ አለን። የሚቆራረጠው ፋይል የተቀመጠበት ፍላሽ ወይም ሀርድ ዲስክ ከሆነ፣ በመጻፍ ላይ ሳለ መቋረጡ የልጅን የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም የቤተሰብን ፎቶግራፍ ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ምርመራው ከመጀመሩ አስቀድሞ ፋይሉን ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ያስፈልጋል።

ከዚያ በኋላ የሚከተሉትን አንድ በአንድ መሞከር ነው።

አንደኛ፣ ዕቃውን በሌላ ቀዳዳ መሰካት። በዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ላይ ከፊት ካሉት ይልቅ ከኋላ ያሉት ቀዳዳዎች ይመረጣሉ፤ የፊቶቹ በውስጥ ገመድ የተቀጠሉ ሲሆኑ የኋላዎቹ ከዋናው ሰሌዳ ጋር በቀጥታ የተያያዙ ናቸው። በጎረቤት ኮምፒዩተር ላይም ከተቆራረጠ ጥፋቱ የዕቃው ወይም የገመዱ ነው። እዚያ በደንብ ከሠራ ግን ዕቃውን መጣል አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ ገመዱንና ቀዳዳውን ማየት። ገመድ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው አንገቱ ላይ በመታጠፍ ነው። ገመዱ ተነቃይ ከሆነ በሌላ መለወጥ ይበቃል። በቀዳዳው አቧራ ካለ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት እንጂ መርፌ ወይም ሌላ ብረት መክተት አይገባም።

ሦስተኛ፣ የኃይል ማነስን ማጣራት። የተለመደው ዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ የሚሰጠው 500 ሚሊ አምፔር ነው። አንዱን ቀዳዳ ወደ ብዙ የሚያበዛው ሃብ የራሱ የኤሌክትሪክ ገመድ ከሌለው ይህንኑ ኃይል ለሁሉም ያካፍላል። ሀርድ ዲስክ፣ ቻርጅ የሚደረግ ስልክና ኪቦርድ በአንድ ሃብ ላይ ሲደረደሩ ደካማው ይወድቃል። ሀርድ ዲስኩን በቀጥታ ከኮምፒዩተሩ ጋር ማገናኘት መፍትሔ ነው።

አራተኛ፣ የኃይል ቁጠባውን መመልከት። ዊንዶውስ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ያልተነካ ዕቃን ያስተኛል። በ«ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ «ዩኤስቢ ሩት ሃብ» በሚለው ላይ «ፓወር ማኔጅመንት» የሚባለው ገጽ ካለ፣ ኮምፒዩተሩ ዕቃውን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት ማንሳት ይጠቅማል።

ገመድ አልባ ማውዝ ከሆነ በቅድሚያ ባትሪው ይለወጥ። ትንሿ መቀበያ ከዩኤስቢ 3.0 ሀርድ ዲስክ አጠገብ ከተሰካች ሞገዷ ይረበሻልና ራቅ ማድረግ ይገባል።

ቀዳዳው ከጋለ ወይም የመቃጠል ሽታ ካለ ግን ሙከራው ይቁም፤ ኤሌክትሪኩም ይነቀል። ወደ ባለሙያ ሲኬድ የትኛው ዕቃ በየትኛው ቀዳዳ እንደተሞከረ መናገር ጥገናውን ያፋጥናል፤ ያልተበላሸውን ቀይር ከመባልም ያድናል።