ኢንሴንቲቭ ወይስ ዩኒቨርሲቲ?

ጋምቤላ ባለው የደቡብ ሱዳን ስደተኞች መጠለያ፣ ኩሌ ውስጥ፣ ጎበዝ ተማሪ 12ኛ ክፍልን ሲጨርስ ብዙ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ቀድሞ የሚጠራው ሥራ ነው። ኑዌርኛውና እንግሊዝኛው ደህና ከሆነ፣ አማርኛም ከሰማ፣ አስተርጓሚ ወይም ረዳት መምህር አድርጎ የሚወስደው ድርጅት ይኖራል። የሚከፈለውን ደመወዝ አንለውም፤ ኢንሴንቲቭ ነው። ትንሽ ናት፤ ግን ራሽን ለተቀነሰበት ቤት ሳሙናም ዘይትም ትሆናለች። ተማሪዎችን የምናማክር መምህራን የምንከራከረው ከዚህች ገንዘብ ጋር ነው።

አንድ ልጅ እናቱን ይዞ መጣ። የጤና ድርጅት በአስተርጓሚነት ሊቀጥረው ጠርቶታል፣ እሱ ደግሞ የዳፊን የትምህርት ዕድል ማመልከቻ ይዟል። እናቱ ረጅም ተናገሩ። ልጁ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ቲቸር፣ እሺ ብላለች" አለኝ። ያን ሁሉ ንግግር በሁለት ቃል! ሌላ ተማሪ ጠርቼ እንደገና አስተረጎምኩ። እናትየው ያሉት፣ "ይሂድ፣ ግን አባቱ የለም፤ ትንንሾቹን ከማን ጋር ላሳድግ?" ነበር።

ዳፊ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጀርመን መንግሥት ገንዘብና በዩኤንኤችሲአር አስተባባሪነት ስደተኞችን በኮሌጅና በዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። የትምህርት ወጪውን ይሸፍናል፣ ለተማሪውም የኑሮ መደጎሚያ ይሰጣል። የቤተሰቡን ጎዶሎ ግን አይሞላም።

እዚያም ለመድረስ የ12ኛ ክፍል ማጠናቀቂያ ፈተና አለ። የ2014 ዓ.ም. ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ሲጀምር በአገር አቀፍ ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደረሱ። ነጥቡ ሳይሞላ በረሜዲያል (በማካካሻ ትምህርት) ገብቶ ያለፈውንም በመጨረሻ የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል። ዲግሪውን ከያዘ በኋላስ? የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 የሥራ መብትን ያውቃል፤ ተቀጥሮ መሥራትን በተመለከተ ግን መለኪያው ለውጭ አገር ዜጋ የሚፈቀደው ነው። ስለዚህ "ተማር እንጂ ሌላው ይደርሳል" ብዬ አላባብልም። ነርስነትና መምህርነት መጠለያው ውስጥም፣ አንድ ቀን ደቡብ ሱዳን ቢመለሱም ይፈለጋሉ፤ ውጤቱ ለዩኒቨርሲቲ ያልበቃውን ልጅ ረሜዲያል ከማሳደድ የሙያ ሥልጠና እንዲጠይቅ የምገፋፋበት ጊዜ አለ።

አንዳንዱ ደግሞ ወደ ሦስተኛ አገር ለመሄድ "ፕሮሰስ ላይ ነኝ" ብሎ ሥራውንም ትምህርቱንም ይተዋል። በጥር 2017 ዓ.ም. አሜሪካ ስደተኛ መቀበሏን ስታቆም፣ ያንን ተስፋ አድርጎ ትምህርቱን ያቆየ ሁሉ ባዶ እጁን ቀረ።

ለዚያ ልጅ ግን ሂድ ነው ያልኩት። የኢንሴንቲቭ ሥራ በፕሮጀክት ዕድሜ ይለካል፤ በጀቱ ሲቆረጥ አስተርጓሚው ይሰናበታል፣ የዳፊ ቦታ ደግሞ ለሌላ ይሰጣል። በዓለም ላይ ካሉ ለከፍተኛ ትምህርት ከደረሱ ስደተኞች የገቡት 9 በመቶ ያህሉ ናቸው፤ በ2030 እ.ኤ.አ. 15 በመቶ ማድረስ የዩኤንኤችሲአር ዕቅድ ነው። በር ሲከፈት መግባት ነው።

እናትየው ተስማሙ። "ታዲያ ራሽኑን ማን ይቀበላል፣ ውሃውን ማን ይቀዳል?" ስላቸው ያለ ማመንታት ታናሽ እህቱን ጠሩልኝ። 7ኛ ክፍል ናት። ይህን በማመልከቻው ላይ የሚጠይቅ ሣጥን የለም። ወንድምየው ዩኒቨርሲቲ የሚገባው እሷ ከክፍል በምትቀርበት ቀን ሊሆን ነው ማለት ነው። የክፍል ኃላፊዋን አነጋገርኩት፤ ራሽን በሚታደልበት ቀን እንዲፈቅድላት፣ የቀረውን ቀን ስሟን ቀድሞ እንዲጠራ ተስማማን። ለውሃው እናትየውን ለመንኳቸው፤ ከትምህርት በኋላ ትቅዳ አሉ። አሁን ለዩኒቨርሲቲ የሚያመለክት ሁሉ ቢሮዬ ሲገባ መጀመሪያ የምጠይቀው፣ እቤት የሚቀሩት እነማን እንደሆኑና ስንተኛ ክፍል እንደሆኑ ነው።