የወገብ ሕመም ጣምራ ሕክምና በአሶሳ፦ የቅደም ተከተል ጥያቄ

ወገቡን የታመመ ሰው አንድ ሳምንት ወጌሻ ዘንድ ቢታሽ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ የዳይክሎፌናክ መርፌ ፍለጋ ጤና ጣቢያ ቢሄድ በአሶሳ የሚያስገርም አይደለም። የባህልና የዘመናዊ ሕክምና ይጣመሩ ወይስ አይጣመሩ የሚለው ክርክር በዚህ ረገድ ከታማሚው ኋላ ቀርቷል፤ እርሱ በራሱ መንገድ ካጣመራቸው ቆይቷል። በቂ ትኩረት ያላገኘው ጥያቄ የትኛው ይቅደም የሚለው ነው።

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሥራ ጠባይ ለወገብ የሚራራ አይደለም። የጉሙዝ ሴት በትከሻዋ ላይ በተጋደመ ዘንግ ግራና ቀኝ ሸክም አመዛዝና ትጓዛለች፤ በባህላዊ መንገድ ወርቅ የሚያወጣው ሰው ጎንበስ ብሎ ሲቆፍርና አሸዋ ሲያጥብ ይውላል፤ ቀርከሃ መቁረጥና መሸከምም አለ። በዓለም ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2020 የወገብ ሕመም የነበረባቸው ሰዎች 619 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ተገምቷል። ከእነዚህ መካከል 90 በመቶ በሚሆኑት ላይ ሕመሙን ከአንድ የተለየ በሽታ ወይም ጉዳት ጋር ማያያዝ አይቻልም።

የጣምራ ሕክምና ዋና ተጠቃሚዎች እነዚህኞቹ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ለሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ትምህርትና ምክርን፣ የአካል እንቅስቃሴን፣ ማሸትን፣ የአከርካሪ ማስተካከያን፣ የሥነ ልቦና ሕክምናንና እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉ መድኃኒቶችን እንደ ሁኔታው እንዲሰጡ ደግፏል። ከሚጥሚጣ ወገን ከሆነ በርበሬ የተዘጋጀ ቅባትም ድጋፍ አግኝቷል፤ ይህ ግን መጠኑ የታወቀ ዝግጅትን እንጂ በጓዳ ተወቅጦ የሚለጠፍ ሚጥሚጣን አይመለከትም። በአንጻሩ የወገብ ቀበቶ፣ አከርካሪን መጎተትና የአልትራሳውንድ ሕክምና በመመሪያው አልተደገፉም። መሣሪያ ስለተጨመረበት ብቻ አንድ ሕክምና ከእጅ ማሸት ይበልጣል ማለት አይቻልም።

አስቸጋሪው የቀሩት ታማሚዎች ጉዳይ ነው። የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ በወገብ ሕመም ይጀምራል፤ አጥንቱ በበሽታው በተዳከመበት ሁኔታ በኃይል መጫን እስከ እግር መዛል ለሚደርስ ጉዳት ይዳርጋል። ያልፈላ ወተት በመጠጣት የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስም ወገብን ያሳምማል። ወባ በሚበዛበት በዚህ ክልል ደግሞ ትኩሳት ያለበት የወገብ ሕመም መጀመሪያ የደም ምርመራ እንጂ መታሸት አያስፈልገውም። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የክብደት መቀነስ፣ የእግር መዛል፣ ሽንትን መቆጣጠር አለመቻል ወይም ከአደጋ በኋላ የመጣ ሕመም ሲኖር የወጌሻው እጅ መቆየት አለበት። የጤና ባለሙያውም ቢሆን እነዚህን ሳይጠይቅ መርፌ ካዘዘ ከወጌሻው የተሻለ ሠራ ለማለት ይከብዳል።

ሁለተኛው አደጋ ዝምታ ነው። ታማሚው ከቤት የጠጣውን ሥር ወይም ቅጠል ለሐኪሙ አይናገርም፤ ሐኪሙም አይጠይቅም። ዳይክሎፌናክ ብቻውን ጨጓራንና ኩላሊትን ሊጎዳ የሚችል ሲሆን፣ ይዘቱ ያልታወቀ መድኃኒት ሲጨመርበት የጉዳቱን ምንጭ መለየት ይቸግራል። ዋግምት ሲደረግ ቆዳው የሚበጣበት ምላጭ ከሰው ወደ ሰው ከተዛወረ ሄፓታይተስ ቢንና ኤች አይ ቪን ያስተላልፋል። በጋለ ብረት መተኮስም ቁስልና ጠባሳ ይተዋል፤ በእኔ አስተያየት ከጣምራው ውጭ መሆን አለበት።

ቋንቋም የራሱ ሚና አለው። በአማርኛ ብዙ ሰው ወገቡን ሲያመው «ኩላሊቴን» ይላል። በርታኛ፣ ጉሙዝኛ፣ ሺናሽኛ፣ ማኦኛና ኮሞኛ በሚነገርበት ክልል ደግሞ ቅሬታው በአስተርጓሚ ሲያልፍ የሕመሙ ቦታም ሆነ ቀደም ሲል የተሞከረው ሕክምና ሊጠፋ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የኢትዮጵያ የጤና ፖሊሲ ጠቃሚ የሆኑ የባህል ሕክምና ዘርፎች እንዲጠኑና ከዘመናዊው ጋር እንዲቀናጁ አመልክቷል። ለወገብ ሕመም ይህን በክልሉ ለመሞከር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የአደጋ ምልክቶቹን የሚያውቁ ጥቂት ወጌሻዎች፣ ታማሚን ወደ ጤና ጣቢያ የሚልኩበት ወረቀት፣ በታካሚው ካርድ ላይም «ከዚህ በፊት ማን ዘንድ ታከሙ? ምን ተደረገልዎ?» የሚል አንድ መስመር ይበቃል። ለድኅረ ምረቃ ተማሪ የሚሆነው የመጀመሪያ ጥናትም ይህ መስመር ሳይጨመርና ከተጨመረ በኋላ የተላኩትን ታማሚዎች ማነጻጸር ነው።