«ዶክተር፣ ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ፤ ወረቀቷን ብቻ ይፈርሙልኝ»

 

ዛሬ ስለ አንድ በሽታ ብቻ አይደለም የማወራችሁ። አዲስ ሥራ አግኝቶ፣ ደስታውን ለዘመድ አዝማድ አብሥሮ፣ ሥራ የሚጀምርበት ቀን ሲደርስ ግን አልጋ ላይ ስለሚውል ሰው ነው። በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ከምትጠይቁኝ ጥያቄዎች አንዱም ይኸው ነው፤ «ዶክተር አሞኛል፣ ግን ቅጥሩ እንዳያመልጠኝ ብዬ ሥራ ልጀምር ነው፤ ችግር አለው?»

መልሱን ከአንዲት ታካሚዬ ታሪክ ጋር ላጫውታችሁ። ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገሮችን ቀይሬያለሁ።

ዕለቱ ረቡዕ ነበር። በሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ያለች ወጣት ከእናቷ ጋር ገባች። ገና ሳትቀመጥ ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አደረገችልኝ። የቅጥር የጤና ምርመራ ቅጽ ነው፤ ብዙዎቻችሁ «ሜዲካል» የምትሉት።

«ዶክተር፣ ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ። ሁሉም ነገር አልቋል፤ ወረቀቷን ብቻ ይፈርሙልኝ» አለችኝ።

እውነትም ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። በአንድ የግል ድርጅት የሂሳብ ሠራተኛ ሆና ተቀጥራለች። ከድሮ መሥሪያ ቤቷ ክሊራንስ ወስዳለች። አጎቷ ዋስ ሆነው ፈርመውላታል። ደመወዙ ከበፊቱ እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ግን በየመሐሉ እየሳለች ነበር።

«ሳሉ ከጀመረሽ ስንት ጊዜ ሆነ?»

«ጉንፋን ነው ዶክተር፤ አየሩ እኮ…»

እናቷ አቋረጧት። «ኸረ ልጄ፣ አራት ሳምንት አለፈው! ሌሊት ሌሊት አንሶላው እስኪርስ ያልባታል። ቀሚሷም ሰፍቷታል።»

ፌጦ ተሞክሯል፣ ዳማከሴም ተሞክሯል። ከሰፈር ፋርማሲ ያለ ማዘዣ አሞክሳሲሊን ተገዝቶ ተውጧል። እሱ አልሠራ ሲል «ታይፎይድ ይሆናል» ተብሎ ሲፕሮም ተጨምሯል። ትንሽ ሻል ይላታል፣ ከዚያ ደግሞ ይመለሳል።

ቅጹን ወደ ጎን አድርጌ የአክታ እና የራጅ ምርመራ አዘዝኩላት። በማግስቱ ውጤቱ መጣ፤ የሳንባ ቲቢ ነው። ደግነቱ ባክቴሪያው ዋናውን መድኃኒት የተላመደ አልነበረም።

መጀመሪያ የጠየቀችኝ «እድናለሁ ወይ?» ብላ አልነበረም። «ታዲያ ሰኞስ?» ነበር ያለችኝ።

ለምን አልፈረምኩላትም?

ልቤ አላዘነም ማለት አይደለም። ለሁለት ዓመት ሥራ የፈለገ ሰው ፊት ቁጭ ብሎ «አይ» ማለት ከባድ ነው። እናቷ «እባክህ ልጄ፣ እንጀራዋ ነው» ብለውኛል። እሷም «መድኃኒቱን እየወሰድኩ እሠራለሁ፤ ማን ያውቃል?» ብላ ለምናኛለች።

ነገር ግን ያ ፊርማ «ይህች ሰው ዛሬ ለራሷም ሆነ ለሌላው ጉዳት ሳታመጣ መሥራት ትችላለች» የሚል ምስክርነት ነው። የሳንባ ቲቢ ደግሞ በአየር ነው የሚተላለፈው። ያልታከመ ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲዘፍን፣ ሲያወራም ጭምር ባክቴሪያው አየር ላይ ይንሳፈፋል። መስኮቱ ተዘግቶ አራትና አምስት ሰው በሚሠራበት ጠባብ የሂሳብ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ መዋል ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ገምቱት። ከጎኗ የምትቀመጠው ነፍሰ ጡር ልትሆን ትችላለች። አንዱ ስኳር ሊኖርበት ይችላል፤ ሌላው ቤት ውስጥ ጨቅላ ልጅ ሊኖረው ይችላል።

ደስ የሚለው ዜና ግን ይኸውላችሁ። ቲቢ ይድናል። መድኃኒቱን የማይላመድ ዓይነት ከሆነ ሕክምናው በአብዛኛው 6 ወር ነው። የመጀመሪያው 2 ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ቀሪው 4 ወር ደግሞ ሁለት ዓይነት ይሆናል። በመንግሥት ጤና ተቋማት መድኃኒቱ በነፃ ነው የሚሰጠው። ትልቁ ነገር ደግሞ ይህ ነው፤ ታካሚው መድኃኒቱን በትክክል ከወሰደ፣ በአብዛኛው በ2 ሳምንት አካባቢ ወደ ሌላ ሰው የማስተላለፍ አቅሙ በጣም ይቀንሳል። ስለዚህ ስድስት ወር ሙሉ ቤት መቀመጥ የለም።

«የጠየቅኩሽ ሁለት ሳምንት ነው፤ ሥራውን ተዪው አላልኩሽም» አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላስጠንቅቃችሁ። ሲፕሮ ያለበት የመድኃኒት ቤተሰብ በቲቢ ባክቴሪያ ላይ የተወሰነ ጉልበት አለው። በሽታውን አያድነውም፤ ለጊዜው ያዳፍነዋል። ሰውየው «ተሽሎኛል» ሲል ምርመራው ይዘገያል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ በተለይ ከሌሊት ላብ፣ ከትኩሳትና ከክብደት መቀነስ ጋር ከሆነ፣ የፋርማሲ ሳይሆን የአክታ ምርመራ ጉዳይ ነው።

የትኛው ሕመም ምን ያህል ያቆያል?

ሁሉም ሕመም እንደ ቲቢ አይደለም። ሐኪማችሁ የእናንተን ሁኔታ አይቶ ይወስናል፤ ለጠቅላላ ግንዛቤ ግን፦

ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ፦ ያለ ማስታገሻ ትኩሳቱ ከጠፋ ቢያንስ 24 ሰዓት ይሙላው። ፓራሲታሞል ውጦ «ትኩሳት የለኝም» ማለት አይቆጠርም።

ወባ፦ በብዛት የሚሰጠው ኮአርተም የ3 ቀን መድኃኒት ነው። በሁለተኛው ቀን ቢሻላችሁም ጨርሱት። ድካሙ ግን ከመድኃኒቱ በኋላም ሊቆይ ስለሚችል አቅማችሁን ሳትመዝኑ አትነሡ።

የወፍ በሽታ፦ በቫይረስ የመጣ የጉበት ሕመም ሆኖ ዓይነቱ «ኤ» ከሆነ፣ ዓይን ቢጫ መሆን ከጀመረ በኋላ ለ1 ሳምንት ያህል ሊተላለፍ ይችላል። በምግብ ቤት የምትሠሩ በተለይ ተጠንቀቁ። ድካሙ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል።

ታይፎይድ፦ በትክክል የተረጋገጠ ከሆነ፣ ምግብ የሚያዘጋጅና የሚያቀርብ ሰው ሐኪሙ ሳይፈቅድለት ወደ ሥራ መግባት የለበትም። ቢሻለውም ባክቴሪያው በሰገራው ሊወጣ ይችላልና።

የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና፦ የቢሮ ሥራ ከሆነ ብዙዎች ከ1 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይመለሳሉ፤ እንደ ቀዶ ጥገናው ዓይነት ይለያያል። ከባድ ዕቃ ማንሣት ግን ከዚያም በላይ መቆየት አለበት። ሥራችሁ ሸክም ያለበት ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ሳትነግሩት አያውቅም።

የሳንባ ምች፦ ትኩሳቱ በቀናት ቢጠፋም ሳሉና ድካሙ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ደረጃ ስትወጡ ትንፋሽ ካጠራችሁ ገና ናችሁ ማለት ነው።

ለቀጣሪው ምን ልበል?

ታካሚዬ በጣም የፈራችው ይህን ነው። «ሳልጀምር አመመኝ ብላቸው ምን ይሉኛል?» ብላ ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች። በማግስቱ አብረን የተነጋገርነውን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ቶሎ ንገሩ። ሰኞ ጠዋት ሳይሆን ሐሙስ ወይም ዓርብ። ቀጣሪን የሚያናድደው መታመማችሁ ሳይሆን ወንበሩ ባዶ ሆኖ ስልካችሁ መዘጋቱ ነው።

ሁለተኛ፣ ደውሉ፤ ከዚያ በጽሑፍ አረጋግጡ። ድምፃችሁን ሰምተው ይረዷችኋል፤ ጽሑፉ ደግሞ ማስረጃ ሆኖ ይቀመጣል።

ሦስተኛ፣ የተወሰነ ቀን አቅርቡ። «ሲሻለኝ እመጣለሁ» የሚለው ሰውን ያስጨንቃል። «ሐኪሜ የ2 ሳምንት ዕረፍት አዞልኛል፣ በዚህ ቀን ለመጀመር ዝግጁ ነኝ» የሚለው ግን እቅድ ነው።

አራተኛ፣ የበሽታውን ስም መዘርዘር አይጠበቅባችሁም። የሕክምና ማስረጃው ስንት ቀን ዕረፍት እንደሚያስፈልጋችሁ ይናገራል። ውሸት ግን አትናገሩ። «ለቅሶ ገጥሞኝ ነው» ያለ ሰው በኋላ የሐኪም ወረቀት ሲያመጣ እምነት ያጣል።

አምስተኛ፣ ማስረጃው ትክክለኛ ይሁን። ሐኪምን «ወደ ኋላ ቀን ጻፍልኝ» አትበሉት። እሱንም እናንተንም ያስጠይቃል።

ሕጉስ?

እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ግን ታካሚዎቼ ስለሚጠይቁኝ አዋጁን አንብቤዋለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሚመለከታቸው ድርጅቶች ውስጥ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ከሥራ ጋር ባልተያያዘ ሕመም መሥራት ካልቻለ የሕመም ፈቃድ አለው። በ12 ወር ውስጥ ከ6 ወር አይበልጥም፤ የመጀመሪያው 1 ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዩ 2 ወር ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የመጨረሻው 3 ወር ያለ ደመወዝ ነው። የሙከራ ጊዜ ደግሞ ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ የለበትም።

ልብ አላችሁ? ፈቃዱ «የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ» ነው። ይህ ማለት ገና ያልጀመረ፣ ወይም በሙከራ ላይ ያለ ሰው በዚህ አንቀጽ አይሸፈንም። ጉዳዩ በውላችሁና በቀጣሪያችሁ መልካም ፈቃድ ላይ ያርፋል። ይህን የምነግራችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም። ብዙ ሰው «ብቻ ልጀምር፣ ከዚያ ሲክ ሊቭ እወጣለሁ» ብሎ ስለሚያስብ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ወድቆ ከመቅረት፣ ሳይጀምሩ ቀን ማስለወጥ ብዙ ጊዜ ይሻላል። የመንግሥት ሠራተኞች የራሳችሁ አዋጅ ስላላችሁ የሰው ኃይል ክፍላችሁን ጠይቁ።

መድኃኒት እየወሰዱ ሥራ ለሚጀምሩ

የቲቢ መድኃኒት ሽንትን ብርቱካናማ ወይም ቀላ ያደርጋል። ደም አይደለም፤ አትደንግጡ። ነገር ግን ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ማስታወኩ ከጠና፣ ወይም ዕይታ ከደበዘዘ የዚያኑ ዕለት ወደ ሕክምና ተመለሱ። የእርግዝና መከላከያ ኪኒን የምትወስዱ እህቶች ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ ከመድኃኒቶቹ አንዱ የኪኒኑን ጉልበት ይቀንሰዋል። መድኃኒት የምትወስዱበትን ሰዓት ከሥራ መግቢያችሁ ጋር አስቀድማችሁ አስማሙ። «ሥራ በዛብኝ» ተብሎ የተቋረጠ የቲቢ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይዞ ሊመለስ ይችላል፤ ያ ደግሞ ለማከም እጅግ ከባድ ነው።

ቤተሰብም ይመርመር። በተለይ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ቤት ውስጥ ካሉ፣ ባይታመሙም መከላከያ መድኃኒት ሊያስፈልጋቸው ይችላል። ሰሐን መለየት፣ ብርጭቆ መለየት ግን ትርጉም የለውም። ቲቢ በሰሐንም ሆነ በመጨባበጥ አይተላለፍም። በሽተኛውን ብቻውን ማዕድ ከማስቀመጥ መስኮቱን መክፈት ይጠቅማል።

ታካሚዬስ?

ዓርብ ጠዋት ደወለች። የሰው ኃይል ክፍሉ «እናየዋለን፣ እንደውልልሻለን» አላት። ከዚያ ዝም። ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ… መጀመር የነበረባት ሰኞ ቤት ተቀምጣ ኪኒኗን ዋጠች። በኋላ እንደነገረችኝ በሕይወቷ የዚያን ቀን ያህል የረዘመ ቀን አታስታውስም።

በዚያው ቀን ግን ሳልነግራት አንድ ነገር አድርጋለች። በድሮ መሥሪያ ቤቷ ለወራት በአንድ ጠባብ ክፍል አብራት ለሠራችው ጓደኛዋ ደውላ «ቲቢ ተገኝቶብኛል፣ እባክሽ ተመርመሪ» አለቻት። ለቀጣሪዋ የበሽታዋን ስም ያልነገረች ልጅ ለጓደኛዋ ነገረች። ጓደኛዋ ተመርምራ ነፃ ሆነች።

ማክሰኞ ከሰዓት ስልኩ ጮኸ። ድርጅቱ የመጀመሪያ ቀኗን ወደሚቀጥለው ወር መጀመሪያ አዛወረላት። ሁሉም ቀጣሪ እንዲህ ያደርጋል ብዬ አልዋሻችሁም። ቦታውን ለሌላ ሰው የሚሰጥም አለ፤ እንዲህ የገጠማቸው ታካሚዎችም አሉኝ። ያማል። ግን ሌላ ሥራ ይፈለጋል፤ ሌላ ሳንባ አይፈለግም።

ሥራ ከመጀመሯ በፊት እንደገና መጣች። ላቡ ቆሟል፤ ሳሉ በጣም ቀንሷል፤ አንድ ኪሎ ተኩል ጨምራለች። ከቦርሳዋ ያንኑ ወረቀት አወጣች፤ ጠርዙ ተጣጥፎ ነበር።

«አሁንስ ዶክተር?»

ሕክምናዋን እየተከታተለች መሥራት እንደምትችል ጽፌ ፈረምኩላት። እናቷ መረቁኝ። እሷ ግን የምርቃቱ ማብቂያ አልታያትም፤ ሰዓቷን አየት አድርጋ «ኪኒኔን የምወስድበት ሰዓት ደርሷል» ብላ ተነሣች።

ከቤተሰባችሁ ወይም ከጓደኞቻችሁ መሐል ሳሉን ደብቆ ሥራ ሊጀምር የሚዘጋጅ ሰው ካለ ይህን ጽሑፍ አድርሱት።

ጤናችሁ ይብዛልኝ!