የ5 ሺህ ብር ጭማሪ ስንት ሰዓት ያስከፍላል?

ሥራ ሊቀይር የተነሳ ሰው ከወዳጅ ዘመዱ በቅድሚያ የሚሰማው ጥያቄ «ስንት ጨመሩልህ?» የሚል ነው። ጥያቄው ነውር የለበትም፤ መልሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ግብርና ጡረታ ያልነካው ቁጥር ነው። በወር 20 ሺህ ብር ያልተጣራ ደመወዝ የሚከፈለውን ሠራተኛ ሌላ ድርጅት በ25 ሺህ ጠራው እንበል። በ2017 ዓ.ም በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት ከ14 ሺህ ብር በላይ ያለው ደመወዝ 35 በመቶ ይቆረጥበታል፤ የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ ደግሞ 7 በመቶ ነው። ስለዚህ ከ5 ሺው ጭማሪ እጁ የሚገባው 2,900 ብር ብቻ ይሆናል፤ የተጣራ ደመወዙም ከ13,650 ወደ 16,550 ከፍ ይላል። መዋጮው ለእርጅና የተቀመጠ ነውና ጠፋ አይባልም፤ የዚህን ወር የቤት ኪራይ ግን አይከፍልም።

ቀጥሎ ሰዓቱ ይቆጠር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 አድርጎ ወስኗል። የቀድሞው መሥሪያ ቤት ይህን ያከብራል፤ አዲሱ ግን በሰዓቱ የሚወጣ ሰው እንደ ሰነፍ የሚታይበት፣ አለቃ እሑድም የሚደውልበት፣ ሳምንቱ 60 ሰዓት የሚሞላበት ነው እንበል። በወር ሲመታ አንደኛው 208 ሰዓት፣ ሌላው 260 ሰዓት ይሆናል። የተጣራው ደመወዝ ለሰዓቱ ሲካፈል በቀድሞው ቦታ አንድ ሰዓት ከ65 ብር ተኩል በላይ ያወጣል፤ በአዲሱ 63 ብር ከ65 ሳንቲም። ጭማሪ አገኘ የተባለው ሰው ጉልበቱን አርክሶ ሸጧል። የጨመራቸው 52 ሰዓታት ብቻቸውን ሲታዩማ እያንዳንዳቸው 56 ብር እንኳ አልሞሉም፤ ሕጉ ግን በሥራ ቀን በቀኑ ክፍል የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል እጥፍ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን የሚሠራው በሁለት እጥፍ እንዲከፈል ያዛል። እንግዲህ የሥራ ባህል የሚባለው ከደመወዙ ትይዩ የቆመ ሌላ ጉዳይ አይደለም፤ በቅጥር ደብዳቤው ላይ ያልተጻፈ የደመወዙ ክፍል ነው። ጭማሪው ከማዕረግ ጋር ሲመጣ ደግሞ ይበልጥ መጠንቀቅ ያሻል፤ በእርግጥም የሥራ መሪ የሆነ ሰው በዚህ አዋጅ አይሸፈንምና የትርፍ ሰዓት ክፍያውን መብት ከነጥበቃው ይተወዋል።

ሰዓቱ ከኪስ አልፎ ጤናንም ይነካል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝን ዕድል በ35 በመቶ ገደማ፣ በልብ ሕመም የመሞትን ዕድል በ17 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርጋል። ሰዓት ብቻም አይደለም። ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ10 ሺህ የሚበልጡ የለንደን መንግሥት ሠራተኞችን የተከታተለው፣ በሐኪሙ ማይክል ማርሞት የተመራው የዋይትሆል ጥናት፣ በገዛ ሥራቸው ላይ የመወሰን ነፃነት የሌላቸው ሠራተኞች በልብ ሕመም ይበልጥ እንደሚጠቁ አሳይቷል። እነዚህ የዕለት ጉርስ ያጡ ድሆች አልነበሩም፤ ቢሮ ውለው ደመወዝ የሚቀበሉ ሰዎች ነበሩ። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የአሜሪካ ትንታኔ መርዛማ የሥራ ባህል ሠራተኛ እንደሚለቅ በመጠቆም ከደመወዝ 10 እጥፍ እንደሚበልጥ መግለጹ ብዙ ተወርቶለታል። እኔ ይህን ቁጥር ወደ አዲስ አበባ ለማምጣት አልደፍርም፤ የተለካው በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት፣ በትልልቅ ኩባንያዎች ውስጥ ነው።

«ይህ ሁሉ ለጠገበ ሰው ነው» የሚል ይኖራል፤ ክርክሩም ጉልበት አለው። የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ከተለወጠ በኋላ ዶላር ከእጥፍ በላይ ጨምሯል፤ ባለበት የቆየ ደመወዝ ባለበት አይቆይም፣ ይሟሟል። ለብዙዎች እውነተኛ ጭማሪ የሚገኘው ቦታ በመቀየር ነው። ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ከደመወዙ ካለፉ ሰውየው ወደ ተሻለው ብር መሄዱ ትክክል ነው። ደግሞም «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» የሚሉት አሠሪዎች ሁሉ ቤተሰብ ሆነው አይደለም፤ አንዳንዱ አነስተኛ ደመወዙን የሚሸፍነው በዚህችው ቃል ነው። ሆኖም ችግር ያለበት ሰው ይበልጥ ማስላት አለበት እንጂ ከስሌት ነፃ አይሆንም። በአዲሱ ቦታ እስከ 60 የሥራ ቀናት በሙከራ ላይ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን እየተጨመረ ያደገው የዓመት ፈቃዱ ወደ 16 ቀን ይመለሳል። የባንክ ሠራተኛ ከሆነ በዝቅተኛ ወለድ የወሰደው የቤት ብድር ሲለቅ ወደ ገበያው ወለድ ሊዞር ይችላል። የመሥሪያ ቤቱ ዕቁብና ለቅሶ ደራሹ የሥራ ባልደረባም በብር ባይተመኑም በክፉ ቀን ዋጋቸው ይታወቃል።

«የመሥሪያ ቤቱን ጠባይ ሳልገባ ከየት አውቃለሁ?» የሚለው ሁለተኛው ክርክር ቀለል ይላል። የሚቀጥረው ድርጅት አይነግርም፤ የለቀቁት ግን ይናገራሉ። ከቦታው የለቀቀው ሰው ለምን እንደለቀቀ፣ ሠራተኞች ፈቃዳቸውን ወስደው ያውቁ እንደሆነ፣ ትርፍ ሰዓት በደመወዝ ወረቀቱ ላይ ይታይ እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ በድርጅቱ በር ማለፍም ጥሩ ምርመራ ነው፤ መብራቱ ራሱ ይመሰክራል። ከዚያ ወደ ድርድሩ መመለስ ነው። ብዙ ሰው ከ25 ሺው ላይ 1 ሺህ ለማስጨመር ይሟገታል፤ ያ 1 ሺህ ሲጣራ 580 ብር ነው። በዚያው ጉልበት 48ቱ ሰዓት በውሉ ላይ ሰፍሮ በተግባር ቢከበር ግን የዚያው የ25 ሺህ ብር ደመወዝ አንድ ሰዓት 79 ብር ከ57 ሳንቲም ያወጣል።