የፌሬት ንክሻ ምን ይነግረናል?

እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት በባታቪያ ከተማ አጠገብ ይገነባ በነበረው የቅንጣት ማፋጠኛ ቤተ ሙከራ (በኋላ ፌርሚላብ በተባለው) አንዲት ያልተለመደች ሠራተኛ ተቀጥራ ነበር። ስሟ ፌሊሺያ ሲሆን የተገዛችው በ35 ዶላር ነው። ሥራዋም በአንገት ማሰሪያዋ ላይ የታሰረ ክር እየጎተተች በረጃጅምና ጠባብ ቱቦዎች ውስጥ ገብታ በሌላው ጫፍ መውጣት ነበር። መሐንዲሶቹ ከዚያ በኋላ በክሩ አማካይነት የማጽጃ ጨርቅ እየሳቡ በቱቦው ውስጥ የቀረውን ብናኝ ይጠርጉ ነበር። ዙሪያው ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ ወደሆነው ዋና ቀለበት ግን አልገባም አለች። አላስገደዷትም፤ እሷን በአጫጭሮቹ ቱቦዎች አሠርተው ለትልቁ ሌላ መላ ፈለጉ።

ፌሊሺያ ፌሬት ነበረች። ፌሬት ሰውነቷ ረጅምና ቀጭን፣ እግሯ አጭር የሆነ፣ ስትታይ ዶሮ ሌባውን ሸለምጥማጥ የምታስታውስ፣ በዘር ግን ከሙጭልጭላ ወገን የምትመደብ ሥጋ በል እንስሳ ናት። ሳይንሳዊ መጠሪያዋ ሙስቴላ ፑቶሪየስ ፉሮ ሲሆን፣ ፉሮ የሚለው ስያሜ «ሌባ» ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። በአውሮፓ ጥንቸልን ከጉድጓድ ለማስወጣት ከ2000 ዓመታት በፊት ጀምሮ እንዳገለገለች ይታመናል። ግሪካዊው የመልክዓ ምድር ጸሐፊ ስትራቦን፣ ብዙዎች ፌሬት ናት የሚሏትን እንስሳ አዳኞች አፏን ሸብበው ወደ ጉድጓድ ይሰዷት እንደ ነበር ጽፏል። የንክሻዋ ነገር እንግዲህ የዛሬ ጉዳይ አይደለም። በአሁኑ ጊዜ በአውሮፓና በአሜሪካ በርካታ ሰዎች በቤታቸው ያሳድጓታል፤ የካሊፎርኒያና የሃዋይ ግዛቶች ግን ይህን በሕግ ከልክለዋል።

በፊዚክስ መምህርነቴ ስለዚህች እንስሳ ለመጻፍ ያነሣሣኝ አንድ ገጠመኝ ነው። ለዶክትሬት ትምህርት በውጭ አገር ሳለሁ፣ አብሮኝ ቤት የተከራየ ባልደረባዬ ግንባሯ ነጭ የሆነ አንዲት ፌሬት ነበረችው። ተኝታ ሳለ ሊያነሣት እጁን በዘረጋ ቁጥር ጣቱን እስኪደማ ትነክሰው ነበር። አፍንጫዋን በጣት መምታት ይበጃል የሚል ምክር ሰምቶ ይህንኑ አዘወተረ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነቅታ ሳለችም እጅ ባየች ቁጥር መንከስ ጀመረች። በመጨረሻም በመርፌ ሊያስገድላት ወሰነ።

በቅድሚያ አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። የአንዱ የክራንቻ ጥርስ ጫፍ 0.2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ነው እንበል። በዚህ ጫፍ ላይ 5 ኒውተን፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ የሚያሳርፈውን ያህል ኃይል ቢያርፍ፣ ግፊቱ 160 ሚሊዮን ፓስካል ገደማ ይሆናል። ይህ የከባቢ አየርን ግፊት 1600 ጊዜ ያህል ያጥፋል። ክብደቷ ከ2 ኪሎ ግራም የማይበልጥ እንስሳ ቆዳችንን በቀላሉ የምትበሳው ስለዚህ ነው። የፌሬት የአንገት ቆዳ ግን ወፍራምና ልል ነው፤ ግልገሎች ሲጫወቱ አንገት ለአንገት ተናክሰው ይጎታተታሉ፤ ጉዳት ግን አይደርስባቸውም። ለወንድሟ ጨዋታ የሆነው ንክሻ ለእኛ ቁስል ነው።

ታዲያ ግልገሏ ልኩን የምታውቀው እንዴት ነው? አጥብቃ ስትነክስ የተነከሰው ይጮኻል፤ ጨዋታውንም ይተዋል። ጨዋታ የምትወድ እንስሳ ስለሆነች በሚቀጥለው ጊዜ ቀለል አድርጋ ትይዛለች። ይህ በምሕንድስና ቋንቋ አራሚ ግብረ መልስ ይባላል፤ ስሕተቱ ራሱን የሚያሳንስ ምላሽ ያስከትላል። ገና በልጅነቷ ከእናትና ከወንድሞቿ የተለየች ፌሬት ይህን ትምህርት ሳታጠናቅቅ ወደ ሰው ቤት ትገባለች። ምቱ ደግሞ ተቃራኒውን ይፈጥራል፦ ትነክሳለች፣ ትመታለች፣ ትፈራለች፣ ስለ ፈራችም አጥብቃ ትነክሳለች። በየሠርግ ቤቱ ማይክሮፎን ከድምፅ ማጉያው ፊት ሲቀርብ የሚሰማውን ጆሮ በጥስ ጩኸት የማያውቅ የለም። የባልደረባዬ ጣትና የፌሬቷ አፍንጫም እንደዚሁ ሆነው ነበር።

ነገር ግን የመጀመሪያው ንክሻ ከየት መጣ? አንድ ምሽት የድስት ክዳን በአየር ላይ ይዤ ከበስተጀርባዋ በማንኪያ መታሁት። (ክዳኑን ወለሉ ላይ ብጥለው ንዝረቱን በእግሯ ልትሰማው ስለምትችል ሙከራው ይበላሻል።) ጆሮዋ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ደጋገምሁት፤ ያው ነው።

ግንባራቸው ነጭ በሆነ ፌሬቶች ዘንድ ደንቆሮነት እንደሚበዛ የእንስሳት ሐኪሞች ያውቃሉ። ምክንያቱም ለፊዚክስ ሰው ደስ የሚል ነው። በውስጠኛው ጆሮ ጠመዝማዛ ክፍል ያለው ፈሳሽ 80 ሚሊ ቮልት ገደማ የሚደርስ የኤሌክትሪክ ፖቴንሻል አለው። የድምፅን ንዝረት ወደ ነርቭ ምልክት የሚለውጠው ሥርዓት ኃይሉን የሚያገኘው ከዚህ «ባትሪ» ነው። ባትሪውን ከሚሞሉት ሴሎች መካከል ሜላኖሳይት የተባሉት ቀለም ሰጪ ሴሎች ይገኛሉ። ፅንሱ ሲያድግ እነዚህ ሴሎች ወደ ራስ አካባቢ ሳይደርሱ ሲቀሩ ፀጉሩ ነጭ ይሆናል፤ ባትሪውም ሊቀንስ ወይም ባዶ ሊሆን ይችላል። ነጭ ግንባር ያላት ሁሉ ደንቆሮ ናት ማለት ግን አይደለም።

የፌሬት ዓይን ደካማ ነው፤ የምትመካው በሽታና በድምፅ ነው። እንቅልፏም በቀን 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚደርስ፣ እጅግ ከባድ እንቅልፍ ነው። ድምፅ የማይሰማት ፌሬት ከዚህ እንቅልፍ የምትነቃው በድንገት ሰውነቷን በያዘ እጅ ነው። እኛስ ብንሆን ምን እናደርግ ነበር?

መንከስ የማታውቅ ጎልማሳ ፌሬት በድንገት መንከስ ከጀመረች ሕመም መጠርጠር ይገባል። በተለይ የአድሬናል ዕጢ በሽታ ቁጡ ያደርጋታል፤ ያልተኮላሸ ወንድም በመራቢያ ወቅት ጠበኛ ይሆናል። እነዚህ የሐኪም ጉዳዮች ናቸው። በጨዋታ ለሚመጣው ንክሻ ግን እጅን መጫወቻ አለማድረግ፣ በምትኩ የጨርቅ መጫወቻ መስጠት፣ ስትነክስ ጨዋታውን አቋርጦ ያለ ቁጣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻዋን መተው ይጠቅማል። ነክሳ ከያዘች እጅን መንጠቅ ቁስሉን ያሰፋዋል፤ ማጅራቷን በእርጋታ ይዞ እስክትለቅ መጠበቅ ይሻላል። ሕፃን ከፌሬት ጋር ብቻውን ፈጽሞ አይተውም።

ቁስሉን በተመለከተ የፌሬትም ሆነ የውሻ ንክሻ ልዩነት የለውም፦ ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ወደ ሕክምና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን የማይቻል ያህል ነው። በአገራችን ይህ በሽታ በዋነኛነት በውሻ የሚተላለፍ በመሆኑ፣ ፌሬት አይቶ የማያውቅ አንባቢም ይህችን አንቀጽ ቢይዛት መልካም ነው።

ባልደረባዬ ቀጠሮውን ሰረዘ። ከዚያ ወዲህ ፌሬቷን ሊያነሣ ሲፈልግ በመጀመሪያ ወለሉን በእግሩ ሁለት ጊዜ ይመታል፤ ቀጥሎም የእጁን ጀርባ አፍንጫዋ አጠገብ አድርጎ እስክታሸት ይጠብቃል። የእጅ ፍርሃቷ ለመርገብ ሁለት ወር ያህል ፈጀ። ቤቱን ለቅቄ ስወጣ በሸሚዙ እጅጌ ውስጥ ተኝታ ነበር።