የሁለት ኮከቦች ተከላካይ

ስለ ኳስ ጨዋታ ሲወራ ሁልጊዜ የምንሰማው ጎል ያገባውን ሰው ስም ነው። ዘጠኝ ቁጥሩ ይወደሳል፤ አሥር ቁጥሩ ይጨበጨብለታል። ኋላ ቆሞ የሚከላከለውን ማን ያነሳዋል? ስሙ የሚጠራው ሲሳሳት ብቻ ነው። እኔም በትምህርት ቤታችን ቡድን ኋላ ነበር የምጫወተው፤ ስለዚህ ነገሩን ቀምሼዋለሁ። ዛሬ የአንድ ተከላካይ ታሪክ ላጫውታችሁ።

ሰውዬው የሮማኒያ ሰው ነው። ስሙ ሚዮድራግ ቤሎዴዲች ይባላል። ለምላስ ይከብዳል፤ ቀስ ብላችሁ ፊደል በፊደል አንብቡት። ቤ-ሎ-ዴ-ዲች። አሁን ቀለለ አይደል? ከዚህ በታች የምጽፈው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሮማኒያ በምሥራቅ አውሮፓ ያለች አገር ናት። ዳኑብ የሚባል ትልቅ ወንዝ በደቡብ በኩል ድንበሯ ነው። ቤሎዴዲች በ1964 የተወለደው ሶኮል በምትባል የድንበር መንደር ነው። መንደሯ ያለችው ኔራ የሚባል ወንዝ ከዳኑብ በሚገናኝበት አካባቢ ነው። በዚያ አገር ከሮማኒያኖች ጋር ሰርቦችም ይኖራሉ። የእሱም ቤተሰብ ሰርብ ነው። ማዶ ያለው አገር ያን ጊዜ ዩጎዝላቪያ ይባል ነበር። ዩጎዝላቪያ ኋላ ፈርሳለች፤ ማዶው ዛሬ ሰርቢያ ነው። እንግዲህ ልጁ ያደገው ሁለት አገር እያየ ነው። ዜግነቱ ወዲህ፣ ቋንቋውና ዘሩ ወዲያ። በማዶው ዋና ከተማ በቤልግሬድ ቀይ ኮከብ የሚባል የእግር ኳስ ክለብ አለ። ልጁ ይህን ክለብ ከልጅነቱ ጀምሮ ይወድ ነበር። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በ1982 ቡካሬስት ወደሚገኘው ስቴዋ ወደሚባል ክለብ ገባ። ስቴዋ ማለት በሮማኒያ ቋንቋ ኮከብ ማለት ነው። ክለቡ የጦር ሠራዊቱ ነበር፤ ተጫዋቾቹም የወታደር ማዕረግ ነበራቸው። ይህንንም ያዙልኝ።

የቤሎዴዲች ቦታ ሊቤሮ ይባላል። ሊቤሮ ከተከላካዮቹ ሁሉ ኋላ፣ ከበረኛው ፊት የሚቆም ሰው ነው። የሚጠብቀው አንድ የታወቀ ሰው የለውም። ሌሎቹን ያመለጠውን ሁሉ እሱ ነው የሚይዘው። ለዚህ ሥራ ጉልበት ብቻ አይበቃም። ማሳ ጠብቃችሁ የምታውቁ ነገሩ ይገባችኋል። ዝንጀሮው እህሉ ውስጥ ከገባ በኋላ ከማባረር፣ በየት በኩል እንደሚመጣ አስቀድሞ አውቆ መንገዱን መዝጋት ይሻላል። ቤሎዴዲችም እንዲህ ነበር። ሰው ጠልፎ አይጥልም፤ ኳሱ የሚደርስበት ቦታ ቀድሞ ይገኛል። ኳሱን ካገኘ በኋላም ዝም ብሎ ወደ ሰማይ አይጠልዝም፤ ቀና ብሎ እየሮጠ ወደፊት ይዞት ይወጣል። በዚህ አሯሯጡ የአገሩ ሰዎች አጋዘን የሚል ቅጽል ስም አወጡለት።

ሰባተኛው ቀን ግንቦት ወር በፈረንጆች 1986። ቦታው የስፔን ከተማ ሴቪያ። የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ። ስቴዋ የገጠመው ባርሴሎናን ነው። ስፔን ለባርሴሎና አገሩ ነው፤ በሜዳው ዙሪያ የተቀመጠው ሕዝብም አብዛኛው የእሱ ደጋፊ ነበር። ከዚያ ቀን በፊት ከምሥራቅ አውሮፓ ሶሻሊስት አገሮች ይህን ዋንጫ የወሰደ አንድም ክለብ አልነበረም። ዘጠና ደቂቃ ተጫወቱ፤ ጎል የለም። ተጨማሪ ሠላሳ ደቂቃ ተጫወቱ፤ አሁንም የለም። በመቶ ሃያ ደቂቃ ውስጥ ባርሴሎናን ያህል ቡድን አንድ ጎል እንዳያገባ ያደረጉት እነማን ናቸው? ኋላ የቆሙት ናቸው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ሪጎሬ መጣና የቀኑ ጀግና በረኛው ሄልሙት ዱካዳም ሆነ። ባርሴሎናዎች የመቷቸውን አራቱንም ሪጎሬ አዳነ። ከስቴዋ በኩል ላካቱሽና ባሊንት አገቡ፤ 2 ለ 0 አሸነፉ። ዱካዳም ይገባዋል፤ አራት ሪጎሬ በተከታታይ ማዳን ቀላል ነገር አይደለም። ቢሆንም መቶ ሃያውን ደቂቃ የሚያነሳ ሰው ጥቂት መሆኑ እኔን ይቆጨኛል።

አሁን ወደ ያዛችሁልኝ ነገር እንመለስ።

በዚያ ዘመን ሮማኒያን ይገዛ የነበረው ኒኮላይ ቻውሼስኩ ነበር። ሰው እንደ ልቡ ከአገር መውጣት አይችልም። ተጫዋችም ቢሆን ውጭ አገር ሄጄ ልጫወት ቢል አይፈቀድለትም። በ1988 መጨረሻ ላይ ቤሎዴዲች ወደ ዩጎዝላቪያ ሄደ፤ ሄዶም ቀረ። ቤልግሬድ ገብቶ ለቀይ ኮከብ ልጫወት አለ። ከኮከብ ወደ ኮከብ ማለት ይህ ነው! ዕድሜው ገና ሃያ አራት ነበር። በአገሩ አራት ጊዜ የሊግ ሻምፒዮን ሆኗል፤ የአውሮፓን ዋንጫ ወስዷል። ምን ጎደለበት የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። የጎደለበት ራሱ መምረጥ ነበር።

ቅጣቱ ከሁለት ወገን መጣ። የሮማኒያ መንግሥት እሱ በሌለበት ፈርዶ፣ አገር ከድቷል ብሎ አሥር ዓመት እስራት በየነበት። እንግዲህ አስቡት፤ ኳስ ተጫዋች ነው፣ የገደለው ሰው የለም፣ የሰረቀው ገንዘብ የለም። በሌላ በኩል የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ክለቡን ያለ ስምምነት ለቀሃል ብሎ አንድ ዓመት እንዳይጫወት አገደው። ለኳስ ተጫዋች አንድ ዓመት ረጅም ነው። እሱ ታግዶ በተቀመጠበት በ1989 የድሮ ጓደኞቹ ስቴዋዎች እንደገና ለአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ደረሱ። በሚላን 4 ለ 0 ተሸነፉ። ኋላቸው ክፍት ነበር ማለት ነው። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ የዚያን ጊዜው ሚላን እሱ ቢኖርም ሊያሸንፍ ይችል ነበር።

በ1989 ታኅሣሥ ውስጥ ሮማኒያ ውስጥ ሕዝብ ተነሣ። የቻውሼስኩ መንግሥት ወደቀ። የቤሎዴዲች ክስም አብሮ ወደቀ።

እገዳው አልቆ ለቀይ ኮከብ መጫወት ጀመረ። በ1991 ቀይ ኮከብ በባሪ ከተማ፣ ጣሊያን አገር፣ ለአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ ቀረበ። ተጋጣሚው የፈረንሳዩ ማርሴይ ነው። እንደገና መቶ ሃያ ደቂቃ፣ እንደገና 0 ለ 0፣ እንደገና ሪጎሬ! በሴቪያ ቤሎዴዲች ሪጎሬ አልመታም ነበር። በባሪ ግን ሦስተኛ መቺ ሆኖ ወጣ፤ አገባም። ቀይ ኮከብ 5 ለ 3 አሸነፈ። በሁለት የተለያዩ ክለቦች በፍጻሜው ሜዳ ላይ ተሰልፎ ይህን ዋንጫ በመውሰድ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። በሁለቱ ፍጻሜዎች ተደምሮ ሁለት መቶ አርባ ደቂቃ ተጫወተ፤ ቡድኑ ላይ አንድ ጎል አልገባም።

ብዙም ሳይቆይ ዩጎዝላቪያ በጦርነት ተበታተነች። ቡድኑም ተበታተነ። ቤሎዴዲች በ1992 ስፔን ሄዶ ለቫሌንሲያ ተጫወተ። ለሮማኒያ ብሔራዊ ቡድንም እንደገና ተጠራ።

በ1994 የዓለም ዋንጫ አሜሪካ ውስጥ ተደረገ። ሮማኒያ በጌኦርጌ ሃጂ መሪነት አርጀንቲናን 3 ለ 2 አሸንፋ ሩብ ፍጻሜ ደረሰች። በሩብ ፍጻሜ ስዊድን ገጠመቻት። ከተጨማሪው ሰዓት በኋላ 2 ለ 2 ሆኑ። ያው ሪጎሬ መጣ። የስዊድን የመጀመሪያ መቺ ሳተ፤ ሮማኒያዎች ደስ አላቸው። ኋላ ግን የሮማኒያው ዳን ፔትሬስኩ የመታውን በረኛው ራቬሊ አዳነው። አምስት አምስት መትተው እኩል ሆኑ። ከዚህ በኋላ የሳተ ወደቀ። ስዊድን መታች፤ አገባች። ከሮማኒያ በኩል የወጣው ሰው ቤሎዴዲች ነው።

በባሪ የመታው ያው እግር ነው። መታ። ራቬሊ ወደ ጎን ተወርውሮ ኳሱን አወጣው። ሮማኒያ ወደቀች።

ሮማኒያ በዓለም ዋንጫ ከዚያ ርቃ ሄዳ አታውቅም። ብዙ ሰው ይህን ተጫዋች የሚያስታውሰው በዚያች አንዲት ምት ነው። መጀመሪያ ላይ ምን አልኩ? የተከላካይ ስም የሚጠራው ሲሳሳት ነው።

እሱ ግን ጫማውን አልሰቀለም። ስፔን ውስጥ በሌሎች ሁለት ክለቦች፣ ቀጥሎም በሜክሲኮ ተጫወተ። ለአገሩ 53 ጊዜ ተሰልፏል፤ በ2000 በአውሮፓ ዋንጫ ላይ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ሆኖ ከቡድኑ ጋር ነበር። በ1998 ወደ ቡካሬስት ተመልሶ የገባው ግን ወዴት ይመስላችኋል? ትቶት በመሄዱ አሥር ዓመት ወደተፈረደበት ወደ ስቴዋ ነው። ተቀበሉት። በ2001 አንድ ጊዜ ደግሞ የሊግ ሻምፒዮን ሆኖ በዚያው ክለብ ጨዋታውን አቆመ።