ከሰፈፍ እስከ ቻንደሊየር

ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ጨርሶ ደጀን የሚደርስ መንገደኛ የጎጃምን ማር የሚያነሣው ከጠጅ ጋር ነው። ጠጁ ሲጣል ከላይ የሚንሳፈፈውን ሰፈፍ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ሰፈፉ በፈላ ውኃ ቀልጦ፣ ተጣርቶ ሲረጋ ሰም ይወጣዋል፤ ሰሙ የጥጥ ፈትል ሲለብስ ደግሞ ጧፍ ይሆናል።

በ18ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ ነገሥታት አዳራሽ ላይ የተንጠለጠለው በመስታወትና በወርቅ የተንቆጠቆጠ ቻንደሊየርም የሚበራው በዚሁ በንብ ሰም ነበር። የድሃው ሻማ ከሞራ ይሠራ ነበር፤ ሞራ ይጨሳል፣ ይሸታል። የሰም ሻማ ግን ውድ ስለነበር፣ ባለጸጋው እንኳ ቻንደሊየሩን ሁሉ የሚያበራው ትልቅ ግብዣ ሲኖር ነበር።

ስሙም ቢሆን ለእኛ ባዳ አይደለም። ቻንደሊየርና በግእዙ የምናውቀው «ቀንዲል» ወደ አንድ የላቲን ሥር፣ «ካንዴላ» ወደሚለው ቃል ይመለሳሉ። አንዱ በፈረንሳይ በኩል መጣ፤ ሌላው ከሰባቱ የቤተ ክርስቲያን ምሥጢራት የአንዱ፣ የምሥጢረ ቀንዲል፣ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

ኒዮክላሲካል የሚባለው የቻንደሊየር ዓይነት የተወለደው ከመቃብር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እሳተ ገሞራ የቀበራቸው የሮማ ከተሞች፣ ሄርኩላነም ከ1738፣ ፖምፔ ከ1748 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲቆፈሩ፣ የአውሮፓ ጌጥ ሠሪዎች ያንን የጥንት ቅርጽ ወደዱት። የተጠማዘዘው የቀድሞ ጌጥ ቀረና ቀጥ ያለ፣ ግራና ቀኙ የተመጣጠነ ሥራ መጣ፤ የሎሬል አክሊል፣ የአበባ ማሰሮ፣ የበግ ራስ። ሩሲያውያን መካከሉ ላይ ሰማያዊ ወይም ቀይ መስታወት ማስገባት ይወዱ ነበር። ለዐይን የሚያምረው የሩሲያውያኑ ይመስላል።

መስታወቱን ያከበረው እርሳስ ነው። እንግሊዛዊው ጆርጅ ሬቨንስክሮፍት በ1674 እ.ኤ.አ. ፈቃድ ያወጣበት ባለእርሳስ ብርጭቆ ከባድ ነው፤ ሲቆረጥም ብርሃኑን ሰባብሮ ይበትነዋል። የእንግሊዝ መንግሥት በ1745 እ.ኤ.አ. መስታወትን በክብደት ሲቀርጥ፣ ባለሙያዎቹ ዕቃቸውን አሳሱ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ወርቁ ነው። የነሐሱ ቅርንጫፍ ሞዴል በቅድሚያ በሰም ወይም በእንጨት ይቀረጻል፤ ዋሸራ ተቀምጦ የቅኔን ሰምና ወርቅ ለተማረ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ነሐሱ ቀልጦ በቅርጹ ፈስሶ ከተወለወለ በኋላ፣ ወርቅ በባዜቃ፣ ማለትም በሜርኩሪ፣ ይለወስና እንደ ቅባት ይቀባል። ከዚያ እሳት ላይ ይያዛል። ባዜቃው ተንኖ ይሄዳል፣ ወርቁ ነሐሱ ላይ ይቀራል። የተነነው ግን የሠራተኛው ሳንባ ውስጥ ይገባል፤ የወርቅ ቀቢዎች እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ ጥርሳቸው ይረግፍ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን በኤሌክትሪክ መለበጥ ሲመጣ ይህ ሙያ እየከሰመ ሄደ።

ኤሌክትሪክ ሻማውንም አባረረ። በእኛ አገር የመጀመሪያው ማመንጫ የዐፄ ምኒልክን ቤተ መንግሥት ለማብራት በ1890 ዓ.ም. ገደማ እንደ ገባ ይነገራል። ዛሬ በአዲስ አበባ ሆቴሎችና የሠርግ አዳራሾች ጣሪያ ላይ የሚያብረቀርቀው አብዛኛው አዲስ የፋብሪካ ሥራ ነው፤ ጠብታው አንዳንዴ መስታወት፣ አንዳንዴ ፕላስቲክ። ለመለየት አያስቸግርም። መስታወት ሲነካ ይቀዘቅዛል፣ ፕላስቲክ ይሞቃል።

እውነተኛውን አሮጌ ዕቃ መመርመር ግን ሌላ ሙያ ነው። በእጅ የተቆረጡ ጠብታዎች አንዱ ከአንዱ ጥቂት ይለያያሉ። ወርቁ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ብሩህ ሆኖ፣ እጅና መጥረጊያ የሚደርስበት ጠርዝ ላይ ሳስቶ ነሐሱን ያሳያል። ቅርንጫፎቹ ለኤሌክትሪክ ሽቦ ተበስተው ከሆነ ዋጋው ይወርዳል። ስለዚህ የሚያውቅ ገዢ መጀመሪያ የሚመለከተው ሻማው የሚተከልበትን ጽዋ ሥር ነው፤ ቀዳዳ አለ ወይስ የተጋገረ አሮጌ ሰም?